ሬስልማኒያ በቆርቆሮ ጣሪያ ስር

ኢሉባቦር ውስጥ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ከጀመረ የቪዲዮ ቤት ድምፅ አይሰማም ነበር። ሬስሊንግ ግን ድምፅ አይፈልግም፤ በመቱም በጎሬም ልጆች እንግሊዝኛውን ሳይሰሙ ማን ማንን እንደካደ ያውቁ ነበር። የዓመቱ ትልቁ ትርኢት ሬስልማኒያ እዚያ የሚደርሰው በካሴት፣ በኋላም በሲዲ፣ ዘግይቶ ነበር። ማንንም ቅር አላለውም።

ትርኢቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1985 ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ሲሆን መሐመድ አሊ ሳይቀር በዳኝነት ቆሞበታል። በ1987 ሃልክ ሆጋን ግዙፉን አንድሬን ተሸክሞ አፈረጠው። አዘጋጆቹ 93,173 ሰው ገባ ይላሉ፤ ቁጥሩ ዛሬም ያከራክራል።

ለእኔ ቁንጮው አንደርቴከር ነው። ከ1991 ጀምሮ በዚህ መድረክ 21 ጊዜ ሳይሸነፍ ቆይቶ፣ በ2014 ኒው ኦርሊንስ ላይ ብሮክ ሌስናር ሲረታው አዳራሹ ሙሉ ሰው አፉን ይዞ ቀረ።

ትልልቆቹ «ውሸት እኮ ነው!» እያሉ ያሾፉብን ነበር። ውጤቱስ እውነትም ቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ወገብ ግን ድርሰት አያውቅም። በ2001 ሂዩስተን ላይ ኤጅ ከመሰላል ጫፍ ዘሎ፣ አየር ላይ የተንጠለጠለውን ጄፍ ሃርዲን ይዞት ወረደ። ጄፍ መሬቱን በጀርባው ነው ያገኘው።

ጋና የተወለደው ኮፊ ኪንግስተን በ2019 የሻምፒዮናውን ቀበቶ ወሰደ። ያን ጊዜ ደግሞ ሬስሊንግ ከቪዲዮ ቤት ወጥቶ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ድሉን ለየብቻ ከምናየው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብበን ብንጮህለት ይሻል ነበር።