ጊምቢቹ የሌለችባቸው መጻሕፍት

በጉዲፈቻ ወደ ባሕር ማዶ ስለ ተሻገሩ ልጆቻችን ሲነሣ ጋዜጦቻችን የሚያውቁት ሁለት ዓይነት ታሪክ ብቻ ነው፤ ዕድል የቀናው ልጅና ግፍ የተፈጸመበት ልጅ። ልጆቹ አድገው ብዕር ከጨበጡ ወዲህ ግን ሦስተኛ ታሪክ መጥቷል፤ በነጭ ቤት ውስጥ ጥቁር ሆኖ ያደገ ሰው ታሪክ። ለዛሬ ሁለት መጻሕፍት አንሥቼ በውስጣቸው ስላለውም ስለሌለውም ጥቂት ማለት እወዳለሁ።

የባለቅኔው የለምን ሲሳይ «ማይ ኔም ኢዝ ዋይ» እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የሕይወት ታሪክ ነው። ነገሩ በሕግ ጉዲፈቻ አልነበረም። እናቱ ለትምህርት በሄደችበት እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1967 ወልዳው፣ ለጊዜው እንዲያሳድጉላት ነበር የሰጠችው። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛው የራሱን ስም ሰጥቶ ኖርማን አሰኘው፤ ነጮቹ አሳዳጊዎችም እንደ ጉዲፈቻ ልጃቸው እንዲቆጥሩት ተነገራቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው አሳዳጊዎቹ መልሰው ለመንግሥት አስረከቡት፤ ቀሪውን የልጅነት ዘመኑን በሕፃናት ማሳደጊያዎች ገፋው።

የመጽሐፉ ጉልበት ደራሲው አለመጮሁ ነው። ስለ እርሱ የተጻፈውን የመንግሥት ፋይል እንዳለ እያተመ በጎኑ ጥቂት ቃል ጣል ያደርጋል፤ የቢሮው ቋንቋ ራሱን በራሱ ይከስሳል። ከወረቀቶቹ ሁሉ የሚከብደው እናቱ እ.ኤ.አ. በ1968 የጻፈችው ደብዳቤ ነው። ልጇ በገዛ አገሩ፣ በወገኖቹ መካከል፣ አድልዎ ሳይደርስበት እንዲያድግ እንዲመለስላት ትጠይቃለች። ልብ በሉ! ልጁ ገና አፉን ሳይፈታ እናቲቱ በቆዳው ምክንያት የሚመጣበትን አይታዋለች። ደብዳቤው ግን ለዓመታት ፋይል ውስጥ ተኝቶ ኖረ።

የማርከስ ሳሙኤልሰን «የስ፣ ሼፍ» (እ.ኤ.አ. 2012) ለስለስ ያለ መጽሐፍ ነው። ካሳሁን ጽጌ ተብሎ የተወለደው ሕፃን እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ከሞተች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1973 ከታላቅ እኅቱ ከፋንታዬ ጋር ወደ ስዊድን፣ ጎተንበርግ ሄደ። ጥሩ ወላጆች ገጠሙት። የቤቱ ፍቅር ግን የትምህርት ቤቱን ስድብ አላስቀረለትም፤ በኋላም በአውሮፓ ታላላቅ ወጥ ቤቶች ጥቁር ሼፍ መሆን ምን እንደሚያስከፍል አይቷል። እነዚህ ገጾች እውነተኞች ናቸው። ቅር የሚያሰኘኝ የእናቱ ነገር ነው። ፎቶግራፏ ስለሌለው በበርበሬ በኩል ያስታውሳታል። ሐሳቡ ውብ ነው፤ ግን ለባዕድ አንባቢ ማዕድ ከመጠን በላይ የተመቸ ይመስለኛል። ሴትዮዋ ቅመም ሆና ቀረች። ሞቷል ተብሎ የታሰበው አባታቸው በሕይወት ሲገኝ ፍለጋውን የመራችው ፋንታዬ ናት፤ የእርሷን መጽሐፍ ባነበብሁ እላለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ለምን፣ ካሳሁን፣ ፋንታዬ፤ ሦስቱም ስሞች አማርኛ ናቸው። የአዲስ አበባ አንባቢ ገና ሲያያቸው ይገቡታል፤ የጠፋው ነገር የተመለሰለት ያህል ይሰማዋል። ግን በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ዓመተ ምሕረት ወደ ውጭ ከሄዱት ብዙዎቹ ከየት ነበሩ? እ.ኤ.አ. በ2010 ብቻ ወደ አሜሪካ ከሄዱት 2,500 ያህል ልጆች መካከል ከደቡብ የተወሰዱት ጥቂት አልነበሩም፤ የሐዲያና የከምባታ አካባቢ፣ በተለይም ሆሳዕና፣ በዚህ ሥራ ስሙ የገነነ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 መንግሥት የፋይሎቹን ብዛት ቀነሰ፤ በጥር 2010 ዓ.ም. ደግሞ የቤተሰብ ሕጉ ተሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻ ጨርሶ ተከለከለ። የሄዱት ግን ሄደዋል።

እስቲ ከሶሮ ወረዳ ከተማ ከጊምቢቹ የሄደ አንድ ልጅ እናስብ። እርግጥ በሆሳዕናም በዱራሜም ካሳሁን የሚባል ሞልቷል። አገሩን የሚናገረው ግን ብዙ ጊዜ በ«ቦ» ወይም በ«ሞ» የሚጨርሰው የአያቱ ስም ነው፤ በአዲሱ ፓስፖርት መጀመሪያ የሚቆረጠውም እርሱ ነው። በጎ አሳዳጊዎች ባህሉን እንዳይረሳ ብለው እንጀራና ዶሮ ወጥ ያበሉታል፤ አማርኛ ያስተምሩታል። እናቱ ቆጮ ጋግራ፣ ለያሆዴ በቅቤና በወተት የተሠራ አተካና አቅርባ፣ በሐዲይኛ ታባብለው እንደነበር የሚነግረው የለም። መንገድ ላይ ጥቁር ነው። የሐበሻ ምግብ ቤት ሲገባ «አማርኛ ትችላለህ?» ይባላል። አገር ቤት የቀረው ወንድሙ ግን ለዓመታት የቀበሌ መታወቂያው ላይ ብሔር በሚለው መስመር «ሐዲያ» ተብሎ ሲጻፍለት ኖሯል። ከአንድ ማሕፀን የወጡ ሁለት ልጆች፣ አንደኛው ለሌላኛው ማንነት ቃሉ እንኳን የለውም!

ጥፋቱን ሁሉ በፈረንጅ ላይ መጣል ይቀለናል። እኛስ? ከውጭ የመጣውን ወጣት ቦሌ ላይ ነጠላ አልብሰን «እንኳን ወደ አገርህ በደህና መጣህ» ስንለው የምናስረክበው የራሳችንን አገር ነው፤ የእርሱን ጠይቀን አናውቅም። ፈረንጁ በጥቁርነቱ ጠቀለለው፤ እኛም በሐበሻነቱ ጠቀለልነው። ሁለቱ እኩል ናቸው አልልም፤ የእኛው ቢያንስ ፍቅር አለበት። ግን ልጁ ሁለቱንም ጊዜ ሳይጠየቅ ነው የተሰየመው።

የሚገርመው «ጉዲፈቻ» የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮሞ የተወሰደ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የጉዲፈቻ ልጅ ከወለደው ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ይደነግጋል። የተቀባዮቹ አገሮች ሕግ በአብዛኛው ያን ዝምድና ይቆርጣል። አንዱ ወላጅ ልጄን አዛመድሁ ብሎ ሲፈርም፣ ሌላው የኔ ብቻ ሆነ ብሎ ተቀበለ።

እ.ኤ.አ. በ2022 በጉዲፈቻ ያደጉ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው የጻፉበት «ላየንስ ሮሪንግ ፋር ፍሮም ሆም» የተባለ መድብል በእንግሊዝኛ ወጥቷል። እንዲህ ያለው ሥራ ይቀጥል። እኔ የምጠብቀው ግን ገና ያልተጻፈውን ምዕራፍ ነው፤ ልጁ አማርኛውን በስንት ድካም ተምሮ ጊምቢቹ ሲደርስ፣ እናቱ አቅፋው የምትለው ነገር ሳይገባው ቀርቶ፣ አስተርጓሚው ወደ ሌላ አስተርጓሚ ዞር የሚልበትን።