ስልሳ ሴኮንድና አንዲት ታሪክ

በነዚህ ገጾች እስካሁን የተተቸው ልቦለድና ግጥም ነበር። ዛሬ የምንተቸው ጽሑፍ የደራሲው ስም የሌለበት፣ ከ60 ቃላት ብዙም የማይዘል፣ በየትኛውም መጽሐፍ መደብር የማይሸጥ ነው። ሆኖም በአገራችን ትምህርት ላይ ከብዙ ልቦለዶቻችን የበለጠ ክብደት ነበረው። የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች ጮክ ብለው እንዲያነቧት የተሰጠቻቸውን አጭር የፈተና ታሪክ ማለታችን ነው። «ይኼ ደግሞ ምኑ ሥነ ጽሑፍ ነው?» የሚለን አይጠፋም። ጥቂት ይታገሠን።

ፈተናው «የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና» ይባላል፤ በአጭሩ ኢግራ። ያዘጋጀው አር.ቲ.አይ ኢንተርናሽናል ነው። ይህ በ1958 (እ.ኤ.አ.) በሰሜን ካሮላይና የተቋቋመ፣ ለትርፍ ያልቆመ የምርምር ድርጅት ሲሆን የትምህርት ጥናት ከሥራዎቹ አንዱ ነው። ምዘናው ወደኛ የመጣው በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ገንዘብ ነበር። አዲስ አበባን ጨምሮ በ8 አካባቢዎች፣ በ6 ቋንቋዎች፣ በ338 ትምህርት ቤቶች 13,079 ልጆች ተፈተኑ። ውጤቱ የሚያስደነግጥ ሆነ። ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ከታሪኩ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ስለታሪኩ ከተጠየቁት አንዱንም መመለስ ያቃታቸው ደግሞ 48 በመቶ ነበሩ።

አስቀድመን የሚገባውን ምስጋና እንስጥ። ከዚያ በፊት ስለትምህርት ስናወራ የምንቆጥረው የተሠራውን ክፍልና የተመዘገበውን ተማሪ ነበር። ልጁ ክፍል ገብቶ ምን እንዳገኘ የጠየቀ ጥቂት ነው። ኢግራ ልጁን ለብቻው አስቀምጦ «እስቲ አንብብልኝ» አለው። ቀላል ጥያቄ ይመስላል፤ ግን መጠየቅ ነበረበት። ቁጥሩን «የባዕድ ወሬ» ብሎ ማጣጣልም አያዋጣም፤ ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በ7 ቋንቋዎች ለ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል አዳዲስ የንባብ መማሪያ መጻሕፍት የተዘጋጁት ያ ቁጥር ስላስደነገጠ ነው። በዚያም ሥራ ያው ድርጅት ነበረበት።

ታዲያ ሂሳችን ምን ላይ ነው? አንደኛ፣ ሰዓቱ ላይ። ፈታኙ ሰዓት ይዞ ልጁ በ60 ሴኮንድ ስንት ቃል በትክክል እንዳነበበ ይቆጥራል። መቼስ ቃል ሁሉ እኩል አይደለም። «አልነገርናቸውም» ለኛ አንድ ቃል ናት፤ እንግሊዝኛው ይህንኑ ለማለት አምስት ያስፈልገዋል። አዘጋጆቹም ይህን ስለሚያውቁ የአንዱን ቋንቋ ፍጥነት ከሌላው ጋር አታወዳድሩ ብለው በመመሪያቸው አስጠንቅቀዋል። ማስጠንቀቂያው መመሪያው ውስጥ ይቀራል፤ ቁጥሩ ግን ከስብሰባ ስብሰባ ብቻውን ይዞራል።

ሁለተኛ፣ ፊደላችን ላይ። ከፈተናው ክፍሎች አንዱ ትርጉም የሌላቸው፣ ለፈተና ብቻ የተፈጠሩ ቃላት ማስነበብ ነው። ልጁ በቃሉ ከያዘው ይልቅ ፊደሉን መፍታት መቻሉን ለማየት ነው፤ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። የኛ ጽሕፈት ግን ጥብቀትን አያሳይም። «አለ» የተናገረ ሰውም ይሆናል፣ ያለ ነገርም ይሆናል። «ገና» በዓልም ነው፣ ያልደረሰ ነገርም ነው። ይህን የሚለይልን ዙሪያው ያለው ሐሳብ ነው። አማርኛን በትክክል ያነበበ ሰው ከድምፁ በፊት ትርጉሙን ጨብጧል ማለት ነው። ትርጉም የሌለው ቃል ይህን ችሎታ ከቶ ሊለካው አይችልም። አንዲትም ቃል ያላነበበው ልጅ ችግሩ ጥብቀት ነው እያልን አይደለም፤ እሱ ፊደሉንም አላገኘውም። እያልን ያለነው «አለ» ላይ ቆም ብሎ ስላሰበው ልጅ ነው። የሱ ማሰብ በሰዓቱ ዘንድ መዘግየት ተብሎ ይቆጠራል።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር ታሪኳ ራሷ ናት። መመሪያው ታሪኳ ገጸ ባሕርይ የሚተዋወቅበት መግቢያ፣ ችግር የሚገጥምበት መካከል፣ ችግሩ የሚፈታበት መጨረሻ ይኑራት፤ የተበጣጠሱ ዓረፍተ ነገሮች ድርድር አትሁን ይላል። እሰየው! ይህን መመሪያ ለአንዳንድ ደራሲዎቻችንም ባደረሱልን ያሰኛል። ግን ሰዓቱ ሲሞላ ንባቡ ይቆማል። ቀስ ብሎ የሚያነብ ልጅ ችግሩ ላይ ይደርስና መፍትሔውን ሳያይ ይቀራል። በመጀመሪያው መመሪያ መሠረት ወረቀቱ ከፊቱ ይነሣና እስካነበበበት ድረስ ይጠየቃል። ታሪክ ማለት «ከዚያስ?» የሚያሰኝ ነገር ከሆነ፣ ይህች ታሪክ «ከዚያስ?» ባለው ልጅ ፊት በሯን ትዘጋለች።

አሁን ወደ ሁለቱ ቁጥሮች እንመለስ። በ34ና በ48 መካከል 14 አለ። ከመቶ 14 ልጆች ቢያንስ አንድ ቃል አነበቡ፣ ግን አንድ ጥያቄ አልመለሱም። ገና ከጅምሩ ሰዓት ያለቀባቸው ይኖራሉ። አፋቸው እያነበበ ልባቸው ሌላ ቦታ የነበረም ይኖራሉ። ይኼ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠረ ልጅ ከግዕዝ ንባብ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከዚያ ወደ ቁም ንባብ ያልፋል፤ ዳዊቱንም ይደግማል። ትርጓሜ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ጉባኤ ነው፤ ብዙው ልጅ እዚያ ሳይደርስ ይቀራል። እንዲህ ያለ ልጅ ለኢግራ ቢቀርብ ሰዓቱን ድል ይነሣ ነበር። ፍጥነት ያለ ትርጉም ምን እንደሚመስል እኛ ከማንም በፊት እናውቃለን። ስለዚህ በአዲስ ሰዓት ይዘን ወደዚያው እንዳንመለስ የመጠንቀቅ ኃላፊነትም የኛ ነው።

ወቀሳው ለባዕድ ድርጅት ብቻ አይደለም። የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን እያልን ስለ ምልሰትና ስለ ግጭት ሌሊቱን ሙሉ ስንከራከር እናድራለን። ልጅ የሚነበብለትን ሳይሆን ራሱ የሚያነበውን የመጀመሪያውን ታሪክ ማን ይጻፈው ብለን ግን አልተከራከርንም። የፈተና ታሪክ እስኪፈተን ቢደበቅ ተገቢ ነው። ተፈትኖበት ካበቃ በኋላ ግን በአደባባይ ሊነበብና እንደማንኛውም ድርሰት ሊተች ይገባል። ልጁስ መጨረሻውን ማወቅ ይፈልጋል ወይ? ቋንቋው የልጅ አንደበት አለው ወይስ የቢሮ? ይህን ሰዓት አይመልሰውም፤ ሃያሲ ነው የሚመልሰው።

የምዘናው ገንዘብ ምንጭ የነበረው የአሜሪካው ድርጅት በ2025 (እ.ኤ.አ.) ሥራውን አቁሟል። ስለዚህ «እነሱ ይጽፉታል» የሚለው ምክንያት ከእንግዲህ አይሠራም። ሐሳባችን ይኸው ነው፦ ሰዓቱ ይቅር አንልም፤ ከሰዓቱ ቀጥሎ ግን ልጁ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ያንብብ፣ በራሱ አንደበትም ይንገረን። እኛም ለ2ኛ ክፍል ልጅ የምትሆን፣ 60 ቃላት ያላት፣ «ከዚያስ?» የምታሰኝ አንዲት ታሪክ እንጻፍ። ቀላል የመሰለው ይሞክራት። አልተስማማሁም የሚል ደግሞ ብዕሩን ያንሣ፤ ገጹ ክፍት ነው።