«መክፈት» ወይስ «ማስመስከር»? ስለ አንድ የጨዋታ ደንብ አተረጓጎም

የሙያ ስያሜ የሚፈተነው በሳይንስ መጻሕፍት ብቻ አይደለም፤ በጨዋታ ደንብም ይፈተናል። ለዚህ ማስረጃ የምናደርገው ጠረጴዛ ከበው በቃል የሚጫወቱትን የገጸ ባሕርይ ጨዋታ ነው። ጨዋታው ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ታወቀ። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ አንድ መሪም ትረካውን ይመራል፣ ደንቡንም ይዳኛል። ገጸ ባሕርዩ ከመሠረታዊ ችሎታዎቹ ሌላ፣ በቅድመ ሁኔታ ብቻ የሚያገኛቸው ችሎታዎች አሉ። እንግሊዝኛው ይህንን ማግኘት በቁልፍ ይመስለዋል። ተርጓሚውም እግር በእግር ተከትሎ «ችሎታን መክፈት»፣ «የተቆለፈ ችሎታ» ወደ ማለት ያዘነብላል።

ይህን አቻ አንቀበለውም። በአማርኛ በር ይከፈታል፣ ጉባኤ ይከፈታል፤ «ልቡናው ተከፈተ» ማለትም አለ፤ ይህ ግን ስጦታን እንጂ በደንብ የተገኘ መብትን አያመለክትም። ከሁሉ የከፋው፣ ቃሉ ፈቃዱን ማን እንደሚሰጥ መሸሸጉ ነው።

ጉዳዩ የሚከብደው ጨዋታው በማኅበር ሲደራጅ ነው። በቤት ውስጥ አንዱ መሪ የፈቀደው ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2008 እንደተጀመረው «ፓዝፋይንደር ሶሳይቲ» ባለ ማኅበር ግን ተጫዋቹ አንዱን ገጸ ባሕርይ ይዞ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ፣ ከከተማ ወደ ከተማ ይሄዳል። ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቅ መሪም ሊቀበለው ይገባል። እንግዲህ ሦስት ጥያቄዎች ይነሣሉ፤ ይኸውም ቅድመ ሁኔታው ተሟልቷል ወይ? ማኅበሩ ፈቅዷል ወይ? ይህስ በምን ይታወቃል? «መክፈት» ሦስቱንም በአንድ ቃል ይጨፈልቃቸዋል።

ሌሎቹም አቻዎች ከዚህ አይሻሉም። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው የ«ፓዝፋይንደር» ሁለተኛ እትም አንዳንድ ችሎታዎች በቃል በቃል ትርጉም «ያልተለመዱ» የሚባል ምልክት አላቸው። አንባቢው እንግዳ ነገር ማለት ይመስለዋል፤ የደንቡ ፍሬ ነገር ግን ያለ ፈቃድ አይያዙም ነው። «አማራጭ» የሚለውም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው የ«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ተጨማሪ መጽሐፍ አማራጭ ያላቸውን ችሎታዎች ለመፍቀድም ሆነ ለመከልከል ሥልጣኑ የመሪው ነው። አማርኛ አንባቢ ግን «አማራጭ» ሲል ምርጫው የራሱ ይመስለዋል፤ ያልተፈቀደለትን ይዞ ይመጣና ጠረጴዛው ላይ ክርክር ይነሣል። (ለተከታታዩ ጨዋታ «ዘመቻ» ማለትንም አንደግፍም፤ የ1967ቱን የእድገት በኅብረት ዘመቻ ለሚያስታውስ ሰው ቃሉ ሌላ ነገር ነው።)

ለአቻው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ብቃት ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላው እንዲታመን የማድረግ ልማድ በአገራችን የቤተ ክህነት ትምህርት ውስጥ የቆየ ነው።  ሰላልኩላም፣ ለድጓ ቤተልሔም እንደሆነችው ሁሉ፣ ከደብረ ዓባይ ጋር በቅዳሴ ማስመስከሪያነት ይታወቃል። ደቀ መዝሙሩ የተማረውን በመምህሩ ፊት አሰምቶ ሲታመንለት «አስመሰከረ» ይባላል። የግሡን አረባብ ልብ ይሏል፦ አድራጊው ተማሪው ነው፣ መስካሪው መምህሩ ነው፣ ምስክርነቱን የሚቀበሉት ደግሞ በቦታው ያልነበሩት ናቸው። አንዱ «አስ-» ይህን ሁሉ ይሸከማል። ከዚህ ቀድሞ ያለው ደረጃ «በቃ» ነው፤ «ለመምህርነት በቃ» እንደምንለው።

ስለዚህ ቅድመ ሁኔታን ለማሟላት «መብቃት»፣ ለማኅበሩ ውሳኔ «መፈቀድ»፣ በሌላ ጠረጴዛ ለሚታመነው ማረጋገጫ «ማስመስከር» እንዲባል እናሳስባለን። ጨዋታው ሲያበቃ መሪው የሚሰጠው መዝገብ በእንግሊዝኛው የዜና መዋዕል ስም አለው፤ እኛም «ዜና መዋዕል» ብንለው ተጫዋቹን ሁሉ ማንገሣችን ነው፤ «የምስክር ወረቀት» ማለት ይሻላል። የቤተ ክህነትን ቃል ለጨዋታ ማዋል ድፍረት የሚመስላቸው እንደሚኖሩ እናውቃለን። ነገር ግን ቃሉ ከቅኔና ከዜማ ቤት ወጥቶ «ችሎታውን አስመሰከረ» በሚል አነጋገር አደባባይ ከዋለ ቆይቷል።

ስያሜው የማይደርስበት አንድ ስፍራ ግን አለ። ተጫዋቹ በተሳትፎ ያጠራቀመውን ነጥብ ከፍሎ ጥቅሙን ሲወስድ ብቃቱን የሚመረምር መምህር የለም፤ እዚያ ላይ «በነጥብ መግዛት» መባል አለበት።