ፍቅር ፈቃድ አይሆንም

ጌም ሠሪ የሚሆን ሰው መጀመሪያ አድናቂ ነው። ሶኒክ ቁልቁለት ሲይዝ ፍጥነቱ እንዴት እንደሚጨምር፣ ማሪዮ የዝላይ ቁልፉ ሲለቀቅ እንዴት እንደሚወርድ ለመረዳት አስመስሎ እንደ መሥራት ያለ ትምህርት ቤት የለም። እኔም እጄን ያፍታታሁት እንዲሁ ነው፤ ጀማሪዎችንም ሞክሩት እላለሁ። አደጋው የሚመጣው ልምምዱ የሰው ገጸ ባሕሪና ስም ይዞ ለሕዝብ ሲለቀቅ ነው።

አርጀንቲናዊው ሚልተን ጉዋስቲ በ1991 እ.ኤ.አ. ለጌም ቦይ የወጣውን የኒንቴንዶን ሁለተኛ የሜትሮይድ ጌም እንደ አዲስ ለመሥራት አሥር ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። በ2016 በነጻ አወጣው፤ የተጫወቱትም ወደዱት። ኒንቴንዶ ግን በቀናት ውስጥ ከማውረጃ ገጾች አስነሳው፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የዚያኑ ጌም አዲስ ሥሪት ራሱ ለሽያጭ አቀረበ። የዚያን ሁሉ ዓመት ድካም ሳስብ ያንገበግበኛል። በሕግ ግን ሜትሮይድ የኩባንያው ነው።

«ሳንቲም አልተቀበልኩበትም» የሚለው መከላከያ ብዙ አያስኬድም። የቅጂ መብት ለባለቤቱ የሚሰጠው መሸጥን ብቻ አይደለም፤ ማባዛትን፣ ማሰራጨትንና ከሥራው ሌላ ሥራ ማውጣትንም ነው። ነጻ መሆኑ ፍርድ ቤት ከሚያመዛዝናቸው ነገሮች አንዱ ሊሆን ይችላል እንጂ ፈቃድን አይተካም። የጌሙ ስም ደግሞ በንግድ ምልክት ሕግ ለብቻው ይጠበቃል።

በባለቤቱ ዝምታ መተማመንም አያዋጣም። የሶኒክ ባለቤት ሴጋ በ2011 አድናቂዎች ስምንት ዓመት የደከሙበትን የስትሪትስ ኦፍ ሬጅ ሥሪት አስነሳ። በዚያው ዓመት ግን አድናቂው ክርስቲያን ዋይትሄድ ያዘጋጀውን ሶኒክ ሲዲ ራሱ አሳተመ። ዋይትሄድ አስቀድሞ ናሙናውን ለሴጋ አቅርቦ ነበር፤ በ2017 ሶኒክ ማኒያን እስከ መምራት ደረሰ።

ፈቃድ ለማያገኘው ለብዙዎቻችንም ሕጉ በር ትቷል። የጨዋታ ሐሳብና ደንብ የማንም አይደለም፤ የሚጠበቀው ሥዕሉ፣ ሙዚቃው፣ ታሪኩና ኮዱ ነው። መሮጥ፣ መዝለል፣ ጠላትን ረግጦ መንጠር ለሁሉም ክፍት ነው። ድንበሩ ግን ከሚመስለው ይጠብባል። የቴትሪስ ባለቤቶች ዚዮ የተባለውን ኩባንያ በከሰሱበት ጉዳይ፣ የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት በ2012 ደንቡን ማንም ሊጠቀምበት እንደሚችል ተቀብሎ፣ የቁርጥራጮቹን መልክና የሰሌዳውን ስፋት እንዳለ መውሰድ ግን ጥሰት ነው ብሏል።

በዚህ በር የገባው ፍሪደም ፕላኔት ሲጀመር የሶኒክ አድናቂዎች ጌም ነበር። ሠሪዎቹ ከሶኒክ የተበደሩትን አውጥተው የራሳቸውን ገጸ ባሕሪያት ተኩ፤ ዋናዋ ሊላክ ዘንዶ ሆነች። ጌሙ በ2014 ወጣ፣ ተሸጠ፣ ተከታይም ወለደ። ያ የሚወዱት ፍጥነት አብሯቸው አለ።

ስለዚህ እኔ ሥራ ስጀምር ገጸ ባሕሪዬ መልክ የሌለው ሳጥን ነው። ሳጥኑን ማስሮጥና ማዘለል ካስደሰተ ጌሙ በራሱ እግር ቆሟል ማለት ነው። ካላስደሰተ ግን ጨዋታውን ደግፎ የያዘው የታዋቂው ስም ነበር። ይህን ፈተና ሳይቃጠል በቅጠል ማድረግ ያስፈልጋል፦ መጀመሪያ ላይ ስም መቀየር ቀላል ነው፤ ሥዕሉ፣ ሙዚቃውና ታሪኩ በዚያ ስም ላይ ከተገነባ በኋላ ግን ጌሙን አፍርሶ መሥራት ነው። የምትወዱትን ጌም አጥኑት፣ ፈትታችሁ ግጠሙት። ለሕዝብ የምታወጡት ግን ማንም በአንድ ደብዳቤ የማያስነሳባችሁ ይሁን።