ስለ ባዕድ አገር ኑሮ አጻጻፍ

በ1941 ዓ.ም. የታተመው የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ልብ ወለድ «አርአያ» ባለታሪኩን ለትምህርት ወደ ፈረንሳይ አገር ልኮ ለአገሩ አገልግሎት ይመልሰዋል። መንገዱ መልካም ነው። ነገር ግን ስለ ባዕድ አገር ኑሮ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ትምህርቱንና መመለሱን ብቻ ተርኮ ገበታውን፣ ወዳጁንና የሽርሽሩን ቀን እንደ ቧልት ቈጥሮ ቢተዋቸው የኑሮውን እኩሌታ ማስቀረቱ ነው።

ገበታና ወዳጅ ለእንግዳ ምን እንደ ሆኑ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ሰፈር ለጋሲዮኑ ኤምባሲ ከሆነ በኋላም ፈረንሳይ ለጋሲዮን እንደ ተባለ ይኖራል። በዚያ ለሚቀመጥ ፈረንሳዊ ሐምሌ በአገሩ የፀሐይና የሽርሽር ወር ሲሆን፣ እዚህ ዝናብና ጭቃ ነው። ወደ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ለመውጣት መስከረም እስኪጠባ እንዲታገሥ የሚመክረው፣ እንጀራ አቈራረሱንም የሚያሳየው የዚህ አገር ወዳጁ ነው። በፓሪስ የሚማረውም ልጃችን እንዲሁ ነው፤ የጥምቀት ወር የሆነው ጥር በዚያ የብርድ ወር ነውና፣ የደስታውን ወራት ከአገሬው ይማራል።

ስለዚህ ደራሲው «ይህን በላሁ፣ እዚያ ሄድሁ» እያለ ቢዘረዝር አንባቢ ሥራ ፈትነቱን ብቻ ያያል። ማን ከገበታው እንዳቀረበው ቢጽፍ ግን፣ እንግዳ እንዴት ቤተ ሰብ እንደሚሆን ያስተምራል። ከውጭ አገር ተመልሰው ብዕር የሚያነሡ ሁሉ ይህን ያስቡበት።