አራት ደቂቃ

ሥራዬ የሚጀምረው ልጆች በሚተኙበት ሰዓት ነው። እናት የሁለት ዓመት ልጇን ከነብርድ ልብሱ ይዛ ወደ ኤምአርአይ ክፍላችን ትመጣለች። ማግኔቱ ቀንም ሌትም ስለማይጠፋ የፒጃማውን ቁልፍ ሳይቀር እንፈትሻለን። ማደንዘዣ አንሰጥም፤ መብራቱን ቀንሰን እንቅልፍ እስኪጸናበት እንጠብቃለን። ከዚያ ጆሮውን ደፍነን ቀስ ብለን እናስተኛዋለን። የመሣሪያው ጩኸት ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል። አንዳንዴ ሁለት ሰዓት የጠበቅነው ልጅ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ባንኖ ይነቃና ሌላ ቀን እንቀጥራለን።

አንዲት ያገሬ ልጅ እየተንሾካሾከች «ወንድሜ፣ ታየ እንዴ?» አለችኝ።

«እህቴ፣ ኦቲዝምን ለይቶ የሚናገር ምስል የለም። የሚለየው ባለሙያ ልጁ ሲጫወትና ሲግባባ አይቶ፣ አንቺንም ጠይቆ ነው። ይኼ ለምርምር ነው።» ይህን ሳልናገር ማንንም ወላጅ አላስገባም።

ምርምሩም ቢሆን ሊሳሳት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 በሴንት ሉዊስ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጆናታን ፓወርና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ብዙዎቻችንን አስደንግጧል። ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ የጭንቅላት እንቅስቃሴ እንኳ ተራርቀው ባሉ የአንጎል ክፍሎች መካከል ያለውን ግንኙነት ከእውነተኛው አሳንሶ፣ የተቀራረቡትን ደግሞ አጉልቶ ያሳያል። ስለ ኦቲዝም ሲነገር የኖረውም ይኸው ነበር፦ የሩቁ ላልቷል፣ የቅርቡ ጠብቋል። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ደግሞ መሣሪያው ውስጥ ከእኩዮቻቸው ይበልጥ ይነቃነቃሉ። ታዲያ ስንቱ ግኝት የአንጎል፣ ስንቱስ የእንቅስቃሴ ነበር?

መልሳችን የተነቃነቀውን ምስል መጣል ሆነ። ግን የሚጣለው የማን ነው? የማይናገረው፣ ድምፅ የሚያመው፣ ከሁሉ ይልቅ ልናውቀው የሚገባን ልጅ። በዚያው ዓመት ለተመራማሪዎች ሁሉ የተከፈተው አባይድ የተባለው የምስል ክምችት ኦቲዝም ያለባቸውን 539 ሰዎች ይዟል፤ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፣ በአእምሮ ብቃት መለኪያም መካከለኛና ከዚያ በላይ ያገኙ። የቀሩትን ሳናይ «የኦቲዝም አንጎል» ማለት ይከብደኛል።

ስለዚህ ጊዜዬን የምሰጠው ለልምምዱ ነው። ማግኔት የሌለው የመለማመጃ ዋሻ አለን። አንድ የማይናገር የስምንት ዓመት ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት የዋሻውን አፍ ነክቶ ሄደ። በሁለተኛው የመጫወቻ መኪናውን አስገብቶ አወጣ። እናቱ ቤት ውስጥ የመሣሪያውን ድምፅ በስልኳ፣ መጀመሪያ በቀስታ፣ ታሰማው ነበር። በስድስተኛው ሳምንት እውነተኛው አልጋ ላይ ራሱ ወጣ። አራት ደቂቃ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ እጁን ወደ ፊቱ ሲያነሳ አየሁና ወዲያው አቆምሁ። ለትንተና የሚበቃ አልነበረም። በሚቀጥለው ሐሙስ ተመልሶ ይመጣል።