ሐሳብ ወረርሽኝ ነው ወይስ አደራ?

በሽሮ ሜዳ አልፈው ወደ እንጦጦ ከወጡ፣ ግራና ቀኝ የተሰቀሉትን የሐበሻ ልብሶች ሳያዩ አይቀሩም። በጉለሌ ከሚሸምኑት ብዙዎቹ የዘር ሐረጋቸው ከጋሞ ደጋ ነው። የከተማችን ሰው ግን ሁሉንም በጅምላ «ዶርዜ» ይላቸዋል፤ ዶርዜ ከጋሞ ማኅበረሰቦች አንዱ ብቻ ነው። ይህን አጠራር ጉባኤ ጠርቶ ያስተማረን የለም። በገበያና በሰፈር ወሬ ሰምተን ተቀበልነው፤ ለልጆቻችንም አስተላለፍነው።

ሐሳብ ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚዛመት በጥልቀት ከመረመሩት አንዱ ፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ ምሁር ዳን ስፐርበር ናቸው። የመስክ ጥናታቸውን ያካሄዱትም በዚያው በዶርዜ ምድር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ተምሳሌት ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ስለሆነ ይጾማል እንደሚሉ፣ ሆኖም በረቡዕና በዓርብም ከብታቸውን ከነብር መጠበቅ እንደማይተዉ ዘግበዋል። በ1996 ደግሞ የባህል ጥናት የወረርሽኝን ጥናት ስልት ቢከተል ይበጃል ሲሉ ተከራከሩ። በእርሳቸው አመለካከት ሐሳብ እንዳለ አይገለበጥም፤ ተቀባዩ በአእምሮው እንደገና ይሠራዋል።

ይህ ትንታኔ ይጠቅመናል። ሰባኪው የተናገረውና ምእመኑ ይዞ የሄደው አንድ ላይሆን እንደሚችል ያስታውሰናል። በነብሩም ከመሳቃችን በፊት ራሳችንን እንይ። በክርስቶስ ሁላችን እኩል ነን እንላለን፤ ልጃችን የሸማኔ ልጅ ላግባ ሲለን ግን ዘር መቁጠር እንጀምራለን።

ጉድለቱስ? ስፐርበር በሽታን ያነሡት ሐሳብ ሁሉ ጎጂ ነው ለማለት አይደለም፤ ስርጭትን ለማስረዳት ነው። ይሁን እንጂ ጉንፋን የያዘውን ሰው «እግዜር ይማርህ» እንለዋለን እንጂ ንስሐ ግባ አንለውም። ንቀትን በወረርሽኝ ብቻ ካስረዳነው፣ ሁላችን ታማሚዎች እንሆናለን፤ ተጠያቂ ግን አይገኝም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስድቡ ግን አዋጁን አልፎ እኛ ዘንድ ደርሷል፤ ያደረሰውም የእያንዳንዱ ቤት አንደበት ነው።

ጳውሎስ ራሱ ድንኳን ሰፊ ነበር (ሐዋ. 18፥3)። ለጢሞቴዎስም የሰማውን ለታመኑ ሰዎች አደራ እንዲሰጥ ነግሮታል (2ጢሞ. 2፥2)። አደራ የተቀበለ ሰው ይጠየቅበታል። ሸማኔውም ይህን ያውቃል፤ የጎረቤቱን አዲስ ጥለት ዐይቶ በራሱ እጅ ይሠራዋል፤ ቀለሙን መርጦ፣ ክሩን ቆጥሮ። ጥለቱ ቢበላሽ «ተጋብቶብኝ ነው» ብሎ ገዢውን አይመልስም።

ስለዚህ ስለ እኩልነት መስበካችን ብቻ አይበቃም። መዘምራኖቻችን በበዓል ባለ ጥለት ነጠላ ለብሰው ሲቆሙ እናመሰግናለን። ከጉባኤው ተመልሰን ማዕድ ስንቀርብ፣ ያንን ነጠላ የሸመነውን ሰው ልጆቻችን እየሰሙን ማን ብለን እንጠራዋለን?